ማካሮኒው ጋ ወራጅ አለ!

ባለፈው ሰሞን አዳማ አንድ ሱፐርማርኬት ገብቼ ከፓስታው መደርደሪያ ፊት ለፊት ቆሜ ተናደድኩ። አዎ፣ በፓስታ ተናደድኩ! ፓኬቱ ሁሉ ያብረቀርቃል፣ ከላይ እስከ ታች ተጽፎበታል፣ ግን አንድም የሚስቅ ፊት የለበትም። ድሮ እኮ ምግብ ፊት ነበረው! የዱቄት ወተቱ ቆርቆሮ ላይ ጉንጮቿ የተነፉ ሕፃን ነበረች። የብስኩቱ ጣሳ ላይ ኮፍያ ያደረገ በቀቀን ነበር። የቲማቲም ድልሁ ላይ ደግሞ ዓይንና አፍ ያወጣ ቲማቲም ቆሞ እጁን ያውለበልብልን ነበር። ወተቱ ካለቀ ከስንት ዓመት በኋላ እንኳ ሕፃኗ ከቤታችን አልወጣችም፤ ሆዷ ውስጥ በርበሬ ይቀመጥ ነበር። እናቴ "ሕፃኗን አቀብይኝ" ካለች በርበሬ ፈልጋለች ማለት ነው፤ "በቀቀኑን" ካለች ስኳር። እንግዳ ሰው ሲሰማን ምን ይለን እንደነበር እንጃ።

የእነዚህ ሁሉ አለቃ ግን ማካሮኒው ነበር።

ያኔ ከተማችን ናዝሬት ነበረች፤ ዘመኑም ደርግ። ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ባለው ግሮሰሪ ግድግዳ ላይ ከአብዮቱ በፊት የተሣለ የማካሮኒ ማስታወቂያ ነበር። አንድ ወፍራም ምግብ አብሳይ ነው። ራሱ ላይ እንደ ሊጥ ኩፍ ያለ ነጭ ቆብ፣ ቀያይ ጉንጮች፣ በአንድ እጁ ሳህን፣ በሌላው ማካሮኒ የተንጠለጠለበት ሹካ። አፉን እስከ ጥግ ከፍቶ ይስቃል። ፋብሪካው ተወረሰ፣ ማካሮኒውም ጠፋ፤ አልፎ አልፎ የቀበሌ ሱቅ ሲመጣ ሰልፉ አስፋልቱን ይሻገራል። እሱ እቴ! ምንም እንዳልተፈጠረ ይስቃል። ከተማው የሚሄደው በጋሪ ነበርና ባለጋሪዎቹ ፌርማታውን በእሱ ጠሩት። "ማካሮኒው ጋ ወራጅ አለ!" ሲባል ባለጋሪው ልጓሙን ሳይስብ ፈረሱ ራሱ ይቆም ነበር። ፈረሱም ያውቀዋል!

እኔ ደግሞ ወፍራም ልጅ ነበርኩ። ምን በልቼ እንደወፈርኩ እኔም አላውቅም፤ ቤታችን የሚበላው ሰው ሁሉ የሚበላውን ነው። ትምህርት ቤት ያላወጡልኝ ስም አልነበረም። ይባስ ብሎ ያ ዘመን ወፍራም ሰው የማይወደድበት ዘመን ነበር። በየግድግዳው በተለጠፈው ሥዕል ሠራተኛው ቀጭንና ጡንቻማ ነው፣ ገበሬው ቀጭንና ኮስታራ ነው፣ በዝባዡ ግን ቦርጫም። በከተማው ሁሉ ወፍሮም የሚወደድ አንድ ፍጡር ቢኖር ማካሮኒው ነበር። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ስሄድ ፈገግ እልለት ነበር። እንዴት እንደምወደው ብነግራችሁ አታምኑኝም!

በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር፤ ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፣ ድራማ ይሠራል። እኔ ከድምፃውያኑ ጋር ከኋላ ቆሜ እዘፍን ነበር። ለአብዮት በዓል ቀበሌዎች ሊወዳደሩ ሆነና የቡድናችን መሪ፣ እሱም ትምህርት ቤት አማርኛ የሚያስተምረን መምህር፣ ድራማ ጻፈ። አንድ ሠራተኛ፣ አንድ ገበሬ፣ አንድ በዝባዥ። ሠራተኛውን መረጠ፣ ገበሬውን መረጠ። በዝባዡ ቀረ። ቡድኑም ወደ እኔ ዞረ።

"መቼም በዝባዥ ቀጭን አይሆንም" አለ መምህሩ፣ ዓይኔን ላለማየት ወረቀቱን እያገላበጠ። "አንቺ ደግሞ ድምፅሽ ጥሩ ነው።"

ድምፄ! ድምፄ ምን አገባው!

እንዲህ ዓይነት ድራማ አጨራረሱ የታወቀ ነበር። ሠራተኛው በዝባዡን ይጥለዋል፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ብድግ ብሎ፣ ግራ እጁን ጨብጦ አንሥቶ፣ "ይውደም!" ይላል። እኔ ላይ ማለት ነው። ዳቦ የምትሸጥልኝ ሴትዮ፣ የክፍሌ ልጆች፣ ጎረቤቶቻችን፣ ሁሉም ፊቴ ላይ "ይውደም!" ሊሉኝ ነው። አልሠራም ማለት ደግሞ በዚያን ጊዜ የዋዛ ነገር አልነበረም።

እያለቀስኩ ለእናቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

"እኔ በልጄ ላይ ይውደም አልልም" አለች።

"እማዬ፣ ድራማ እኮ ነው!"

"ይሁን። ድራማም ቢሆን አልልም። እጄንም አላነሣም።"

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ! የቀበሌያችን ሊቀመንበር አንድ ልማድ ነበረው። ከፊት ወንበር ላይ ይቀመጥና መፈክር ሲባል ተነሥቶ ወደ ኋላ ዞሮ ያያል። አፍ ያይ እንደሆነ እንጃ እንጂ የማን እጅ እንዳልተነሣ አንድም አያመልጠውም። አንድ ጎረቤታችን ትከሻውን አሞት እጁን ሳያነሣ ቀርቶ ጽሕፈት ቤት ተጠርቶ ስንት ጊዜ ተመላልሷል። እናቴ ደግሞ አልልም ካለች አትልም። ቤት እንድትቀር ለመንኳት፤ ግን ቤት መቅረትም አይቻልም፣ ማን እንደቀረ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ የራሴን ነገር ረሳሁት። ስተኛም ስነሣም የሚታየኝ በዚያ ሁሉ የተነሣ እጅ መካከል ጉልበቷ ላይ የተቀመጠው የእናቴ እጅ ነበር።

መምህሩ የበዝባዡን ልብስ ለሰፈራችን ልብስ ሰፊ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥሎ አሳየው፤ ረጅም ጥቁር ባርኔጣ፣ ጥቁር ኮት። ልብስ ሰፊው አንገቱን ነቀነቀ። የቀበሌ ሱቅ የመጣው አቡጀዲ ብቻ ነበር። "ጥቁር የሚባል ነገር የለም፤ ነጭ በዝባዥ ይሁንላችሁ" አለ። ባርኔጣውንም በአቡጀዲ ሰፋው። ካርቶኑ አልበቃ ስላለው ግን የደገፈው የታችኛውን ብቻ ነው፤ ላይኛው ኩፍ ብሎ ቀረ። ያመጣውም የበዓሉ ዕለት፣ አዳራሹ ሞልቶ ከበሮው ሲመታ ነው። አንዷ ልጅ የጠገብኩ እንድመስል ብላ ጉንጮቼን በሊፒስቲክ አቀላችው። መምህሩ ደግሞ፣ በዝባዡ ሕዝብ እየተራበ የሚበላ ሆዳም መሆኑ ይታወቅ ብሎ፣ ሳህንና ሹካ አስያዘኝ። ሳህኑ ላይ ምግብ አልነበረምና ነጭ ገመድ ቆራርጦ ሞላበት። ሁሉም የየራሱን ሠርቶ ሮጠ እንጂ ምን እንደሠሩኝ ቆም ብሎ ያየ የለም። እኔም መስተዋት አልነበረኝም።

መጋረጃው ተከፈተ። ከሁሉ በፊት እናቴን ፈለግኋት። ከሊቀመንበሩ ጀርባ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች! ከዚያ የባሰ ቦታ ከየት ይመጣል? እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከታዋቸዋል። ያም ሆኖ ሹካውን አንሥቼ፣ ገመዱ እንደተንጠለጠለ፣ አፌን እስከ ጥግ ከፍቼ የተባልኩትን አልኩ።

"ሕዝቡ ቢራብ ምን አገባኝ! እኔ ልብላ!"

ሰዉ ሁሉ አፍጥጦ ያየኛል። መጣብኝ፣ አሁን ይጮሁብኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ያኔ ከኋላ በኩል፣ ከሰፈራችን ባለጋሪዎች አንዱ፣ አስቦበት ይሁን አፉ ለምዶበት፣ በዚያ መንገድ ላይ በለመደው ድምፁ ጮኸ።

"ማካሮኒው ጋ ወራጅ አለ!"

ኧረ ሳቁ! አዳራሹ ተናወጠ ብል ማጋነን አይደለም። ወንበር ተገለበጠ። ወተት የምታመጣልን ሴትዮ ተነሥታ "ኩኖ! ማካሮኒ ኬኛ!" እያለች ታጨበጭባለች፤ ይኸው የእኛ ማካሮኒ ማለቷ ነው። ልጆች ወንበር ላይ ቆሙ። እኔ ዓይኔን ስገልጥ ያ ሁሉ ሰው ወደ እኔ እያየ ይስቃል። በእኔ ግን አይደለም፤ ልዩነቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ስንት ዓመት ሲሳቅብኝ የኖርኩ ልጅ ነኝ፣ ያን ዕለት ሲሳቅልኝ ሰማሁት። ደስታዬ ከጉሮሮዬ ፈንድቶ ወጣና እኔም እንደ ግድግዳው ሰውዬ አፌን ከፍቼ ሳቅሁ። ሲያዩኝ ባሰባቸው።

ሠራተኛው በተባለው ሰዓት መዶሻውን ይዞ ገባ። "ተነሥ አንተ በዝባዥ!" አለኝ።

"ተወው!" አሉት ከታች።

"አትንካው አንተ!"

"መጀመሪያ ያብላን!"

ልጁ ግራ ገባው። ሊጥለኝ ትከሻዬን ይዞ እሱም ሳቁ አመለጠው። መምህሩ ከመጋረጃው ጀርባ ፊቱ እንደ ሊፒስቲኬ ቀልቶ "መፈክሩ! መፈክሩ!" ይላል። ሠራተኛው እንደምንም ግራ እጁን አነሣና "በዝባዦች..." አለ፤ አዳራሹም በአንድ ድምፅ "ማካሮኒ!" ብሎ መለሰለት።

ሊቀመንበሩ ተነሥቶ ወደ ኋላ ዞረ። አየ፣ አየ፣ የሚያየው ግን አጣ። የተጨበጠ እጅ የለማ! ከፊት እስከ ኋላ ሁሉም ያጨበጭባል። እናቴም ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ፣ እጆቿን ከራሷ በላይ አንሥታ ታጨበጭባለች፤ እንባዋ በጉንጯ ላይ ይወርዳል። በዚያ ሁሉ እጅ መካከል የእሷን ማን ይለየዋል! መድረኩ ላይ ሆኜ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ ያኔ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ጮክ ተብሎ የሚባል ባይሆንም።

ከተወዳደሩት ቀበሌዎች ሁሉ መጨረሻ ወጣን። በማግስቱም ለሂስ ተጠራን። መምህሩ ባርኔጣውን አላየሁም ብሎ ራሱን ወቀሰ። ልብስ ሰፊው አቡጀዲውን ወቀሰ። ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ።

"ጓድ፣ ሕዝቡ ለምንድን ነው ያልጠላሽ?" አለኝ ሊቀመንበሩ ኮስተር ብሎ።

"ሞክሬ ነበር ጓድ ሊቀመንበር" አልኩት። "እምቢ አሉኝ።"

አንድ ሰው ሳቁን ለመደበቅ ሳለ። ሊቀመንበሩም ብዙ አስቦ ጥፋተኛውን አገኘው። ጥፋቱ የግድግዳው ነው! የሕዝቡን ስሜት ያሳሳተ አሮጌ የንግድ ሥዕል ነውና ይጥፋ ተባለ። እኛ በምክር ታለፍን፤ ማካሮኒው ግን ተፈረደበት።

ኖራ ሲቀቡት ቆሜ አየሁ። ከሆዱ ጀመሩ፣ ወደ ሳህኑ ወጡ፣ ሹካውን አጠፉት። ብሩሹ ከአፉ ላይ እስኪደርስ ድረስ ይስቅ ነበር። አለቀስኩ፤ ለሥዕል ያለቀሰ ሰው ሞኝ ከተባለ ሞኝ ልባል። እኔንና እናቴን አትርፎን እሱ ጠፋ። ቦታው ላይ በቀይ ቀለም "ምርታችንን እናሳድጋለን!" ተብሎ ተጻፈ። ማካሮኒ ግን የቀበሌ ሱቅ እንደተለመደው አልፎ አልፎ ነበር የሚመጣው።

ጥቂት ቆይቶ በገበያ ቀን ከእናቴ ጋር ከገበያ በጋሪ እየተመለስን ነበር። ጋሪውን የሚነዳው ያ ባለጋሪ ነው። አጠገባችን ዘመዶቿን ልትጠይቅ ከደራ ከተማ የመጣች አንዲት ሴት የቲማቲም ቅርጫቷን አቅፋ ተቀምጣለች። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ባለጋሪው እንደ ወትሮው "ማካሮኒው ጋ ወራጅ አለ!" አለ፤ ፈረሱም ቆመ። የነጣው ግድግዳ ፊት ለፊት ቆመ፣ ጌታዬ!

ሴትዮዋ ግድግዳውን አየች፣ ቀዩን ጽሑፍ አየች፣ ባለጋሪውን አየች። "ኧረ እዚህ አይደለም" አለች። "አንድ የሚስቅ ወፍራም ሰው አለ፣ እሱ ጋ ውረጂ ነው ያሉኝ። የታለ?"

ባለጋሪው ጉሮሮውን ጠርጎ የፈረሱን ጆሮ ማየት ጀመረ። ማን እንዳጠፋው ጮክ ብሎ የሚናገር አልነበረም። እኔም አንገቴን ደፋሁ።

እናቴ ዘንቢሏን በቀኝ እጇ እንደያዘች ግራ እጇን አነሣች። ቀጥ አድርጋ፣ ከባለጋሪው ራስ በላይ፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪያያት ድረስ አነሣችው። ከዚያ ከላይ ወደ ታች፣ ወደ እኔ አመለከተች።

"ይቻትልሽ!" አለቻት።

ሴትዮዋ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ምን አደርጋለሁ? አፌን እስከ ጥግ ከፍቼ ሳቅሁላት።

"እውነትም!" አለችና ቅርጫቷን ይዛ ወረደች።

እናቴ ግን እጇን ቶሎ አላወረደችውም።