የኡስማን ላንድሮቨር ጣሪያ

አዳነ ዐሥራ ስምንት መኪና አለው። ሁሉም ሪያድ፣ ሱለይማኒያ ሰፈር ውስጥ በሚሠራበት ቪላ፣ ከግቢው በር አጠገብ ባለችው የሾፌር ክፍል፣ ከአልጋው በላይ በተሰቀሉ ሦስት መደርደሪያዎች ላይ ቆመዋል። ትልቁ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። «አንዱም ሊብሬ የለው፣ አንዱም ቅጣት አያመጣብኝ» ይላል ሰው ሲጠይቀው። ዐሥራ ዘጠነኛ መኪናም ነበረች፤ እሷ ግን የእሱ አልነበረችም። አልጋው ሥር፣ ዙሪያውን በፕላስተር በታሸገ ካርቶን ውስጥ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርተዋት ነበር።

እንዲህ ያሉ መኪናዎች ተሠርተው አይሸጡም። ሰው የሚገዛው ካርቶን ነው፤ ውስጡ መቶ ምናምን የፕላስቲክ ቁራጭ፣ አራት ጎማ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ መስታወትና በሥዕል የተሞላ መመሪያ አለበት። ቁራጩን በምላጭ ለይቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ በሙጫ አጣብቆና ቀለም ቀብቶ መኪና የሚያደርገው ገዢው ራሱ ነው። አዳነ ለአንዱ ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ስድስት ወር ይፈጅበታል። የሚሠራው ዓርብ ዓርብ ጧት፣ ቤተሰቡ ገና ሳይነሣ ነው። ሃያ ዓመት የሰው መኪና ሲነዳ ለኖረ ሰው፣ ከፍሬን ፔዳሉ እስከ ኋላ መብራቱ በገዛ እጁ ያበጀው መኪና ምን እንደሚሆንለት ፊቱን ማየት ይበቃል። አንድ በር ገጥሞ ሲጨርስ ራቅ አድርጎ ይይዘውና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በአፉ የሞተር ድምፅ ያሰማል። ሰው እንዳየው ሲያውቅ ጉሮሮውን የጠረገ ይመስላል።

በዚያው ቤት የምትሠራ ሰዓዳ የምትባል የወረባቦ ልጅ አለች። በሩ ላይ ቆማ ትነካካዋለች።

«ጋሼ፣ ሃምሳ ዓመት ሞልቶህ በመኪና ትጫወታለህ? ወላሂ አገር ቤት ቢሰሙ ጠበል ይወስዱሃል።»

«ሲወስዱኝ የምነዳው እኔው ነኝ።»

እንዲህ እየቀለደች የቅንድብ መንቀያዋን ለትንንሾቹ ቁርጥራጮች መያዣ እንዲሆነው የሰጠችው እሷ ናት። ብቻውን መሥራት ሲጀምር የመጀመሪያዋን ትንሿን ፊያት የቀባትም በሰዓዳ ቀይ የጥፍር ቀለም ነበር።

ይህን ነገር ያስለመደው ኡስማን ነው። ኡስማን የኮምቦልቻ ልጅ ሲሆን፣ መንሱራ ሰፈር ባለ አንድ ጋራዥ የመኪና ቀለም ቀቢ ነበር። እኔ ያኔ መንፉሐ ሰፈር ከእሱ ጋር አንድ ክፍል እጋራ ነበር። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ፤ እዚህ ደግሞ ለአንድ የጭነት ድርጅት ወረቀት እተረጉማለሁ። አዳነ በየዓርቡ ይመጣል። ሁለቱ ምንጣፉ ላይ ጋዜጣ ዘርግተው ሲሠሩ እኔ የመመሪያውን እንግሊዝኛ አነብላቸዋለሁ። «መምህር፣ ይቺ የት ነው የምትገባው?» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። ባልኩት ቦታ አትገባም። ከዚያ ኡስማን እኔን ገለል አድርጎ በራሱ መንገድ ያስገባታል። ከኖርኩባቸው ቤቶች ሁሉ በሐሳቤ ደጋግሜ የምመለሰው ወደዚያች ጠባብ ክፍል ነው።

ኡስማን መጨረሻ ላይ የጀመራት ላንድሮቨር ነበረች። አባቱ በደርግ ዘመን ከኮምቦልቻ ባቲ ላንድሮቨር ይነዱ ነበር። ሰኞ፣ ለባቲ ገበያ፣ ሰው ከውስጥ፣ እህልና ፍየል ከላይ ይጭናሉ። አባቱ ካረፉ፣ መኪናዋም ብረቷ ከተሸጠ ቆይቷል። የቀረው አንድ ፎቶ ብቻ ነበር። ኡስማን የዚያችን መኪና ዓይነት ፍለጋ የሪያድን ሱቆች ሲያስስ ከርሞ ዑለያ ውስጥ ያገኛት ቀን ካርቶኗን አቅፎ ገባና «ይቺ ለእናቴ ናት» አለን። ቦዲዋን ገጣጥሞ የመጀመሪያውን ግራጫ ቀለም እንደቀባት ኅዳር 2006 ዓ.ም. ደረሰ።

ያን ወር መንፉሐ የነበረ ሰው ዝርዝሩን ከእኔ መስማት አይፈልግም። ግርግር ተነሣ፤ ወረቀቱ ያልተሟላ ሁሉ በፖሊስ መታፈስ ጀመረ። የኡስማን ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ከሚሠራበት ጋራዥ ጋር አይገናኝም ነበር። ወደ አገር የሚመለሱትን የሚወስዱ አውቶቡሶች በመጡ ጊዜ አንድ ሻንጣ ይዞ ተሰለፈ። አዳነ የአሰሪዎቹን መኪና ሁለት መንገድ ራቅ አድርጎ አቁሞ ሊሸኘው መጣ። ኡስማን የታሸገውን ካርቶን እጁ ላይ አስቀመጠለት።

«ሻንጣ ውስጥ ይሰበራል» አለው። «አደራ፣ አዱ።»

«እስክትመለስ» አለ አዳነ።

«ወይ አንተ እስክትመጣ።»

ኡስማን አልተመለሰም። ኮምቦልቻ አገባ፤ እዚያው ጋራዥ ገባ። ሁለቱ ዓርብ ዓርብ በስልክ ይገናኛሉ። የሰሜኑ ጦርነት ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ግን ለሳምንታት ድምፁ ጠፋ። ሲገኝ እሱም እናቱ ወይዘሮ ዙቤዳም ደኅና ነበሩ፤ ቤታቸው ግን ተዘርፎ ነበር። «ፎቶውም የለም» አለ ኡስማን። «እናቴ አሁን መኪናዋን በእጇ እየሣለች ነው የምታሳየን።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ካርቶኑ ለአዳነ ከበደው። አልጋው ሥር ያለው ነገር ካንድ ቤተሰብ የተረፈ ብቸኛ መልክ ሆነ። እንዲያም ሆኖ አልከፈተውም። አደራ አይከፈትም ባይ ነው።

ዘንድሮ አሰሪው ለመስከረም የዕረፍት ፈቃድ ሰጡት። ሰኔ ላይ፣ ለኡስማን ምን ዓይነት ሙጫና ቀለም ይዤ ልሂድ ብሎ፣ ሊያይ ብቻ ፕላስተሩን ላጠው። ያን ዕለት ደውሎ ጠራኝ። ስደርስ ላንድሮቨሯ አልጋው ላይ ነበረች። ጣሪያዋ እንደ አሮጌ ሶፋ ሰርጉዷል።

ነገሩ የገባን ቆይቶ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በሐምሌ የክፍሉ ኤሲ ሲቀየር ዕቃውን አውጥቶ ካርቶኑን ለአንድ ከሰዓት የቤቱ መኪና የኋላ መስታወት ሥር አስቀምጦት ነበር። በሐምሌ በሪያድ ፀሐይ በተዘጋ መኪና ውስጥ ላይተር እንኳ እንደማይተው እያንዳንዱ ሾፌር ያውቃል። አዳነ ራሱ ለስንቱ አዲስ ሾፌር መክሯል። የታሸገ ነገር ደኅና ነው ብሎ እንጂ።

«መምህር፣ አደራ በላሁ» አለኝ።

«አንተ አልበላህም። ፀሐይ ናት የበላችው።»

«ፀሐይ አደራ አልተቀበለችም።»

የሰረጎደ ፕላስቲክ በሙቅ ውኃ እንደሚቃና ያውቃል፤ ሠርቶት ግን አያውቅም። በኡስማን መኪና ላይ ደግሞ አይማርም። ስለዚህ ከመደርደሪያው ቀይዋን ፊያት አወረዳት። ቀትር ላይ ፀሐይ ውስጥ አስቀምጦ ጣሪያዋን አሰረጎደው፤ ከዚያ ከማእድ ቤት ባመጣው ድስት ሙቅ ውኃ ውስጥ ነከራት። ውኃው በዝቶ ፈልቶ ነበር። ፊያቷ እንደ ጨርቅ ተጣመመች።

ሰዓዳ ከድስቱ አውጥታ አየቻት። «የኔን የጥፍር ቀለም ቀቀልከው» አለች፤ ከዚያ ፊቱን አይታ ድስቱን አነሣችለት። በማግስቱ የልጆቹን ወተት ሙቀት የምትለካበትን ቴርሞሜትር ይዛለት መጣች።

በሁለተኛው ዓርብ አንዲት ቢጫ መኪና ተበላሸች። በሦስተኛው አንዲት ነጭ ግማሽ ያህል ተቃናች። በአራተኛው ዓርብ ለላንድሮቨሯ ልክ የሚሆን ጣውላ ልጎ አዘጋጀ፤ ጣሪያዋን ብቻ ወደ ታች ደፍቶ ነከረ፤ አወጣ፤ በጣውላው ተጫናት። እጁን ሲያነሣ ጣሪያው እንደ ጠረጴዛ ቀጥ ብሎ ነበር። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየነው።

«በቃ» አለች ሰዓዳ። «ምንም እንዳልሆነ አድርገህ ስጠው። ምን ያውቃል?»

«ከፍቼዋለሁ፤ አጥፍቼዋለሁ፤ አቃንቼዋለሁ። ሦስቱንም ማወቅ አለበት።»

እዚያው በቪድዮ ደወለለት። ኡስማን ጋራዥ ውስጥ፣ ግንባሩ ላይ ስቱኮ እንደነካው ብቅ አለ። አዳነ ሳይቀንስ ሳይጨምር ነገረው። ኡስማን ፊቱን ወደ ስልኩ አስጠጋ።

«ጣሪያው ሰርጉዶ ነበር?» አለ።

«አዎ።»

«አንተ ደግሞ አቃናኸው።»

«እንደ ጠረጴዛ።»

ኡስማን ስልኩን አንድ ነገር ላይ አስደግፎ መሬት ተቀመጠ። የሚያለቅስ መስሎን ነበር፤ ለካ እየሳቀ ነው። «አዱ» አለ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ «አባቴ ሰኞ ሰኞ ስንት ጆንያ ይጭን እንደነበር ታውቃለህ? የዚያች መኪና ጣሪያ ክረምት ክረምት ውኃ ይቋጥር ነበር። ያኔ መንፉሐ ቁጭ ብዬ ስድስት ወር ያሰብኩት ይህን ፕላስቲክ እንዴት አድርጌ እንደማሰረጉደው ነበር። አንተ ሠራህልኝና አፈረስከው።»

አዳነ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ሰዓዳ ዞርኩ።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ያላ፣ መልሰህ አሰርጉደዋ።»

ማታ ላይ ኡስማን ከቤቱ ደውሎ እናቱን አቀረበልን። ወይዘሮ ዙቤዳ ዓይናቸው ደክሟል፤ የሚያዩት ስልኩን ሳይሆን ከስልኩ በላይ ነበር። «ጉድጓዱ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ፣ በስተግራ ነው ልጄ» አሉ። «ማሽላው እዚያ ነበር የሚያርፈው። ፍየሎቹ ከፊት ናቸው፤ ፍየል አይከብድም።»

ነሐሴ ላይ አዳነ የቤቱን እመቤት አሮጊት እናት፣ ማማ ኑራን፣ እኅታቸው ዘንድ ወሰዳቸው። እሳቸው ሲገቡ ላንድሮቨሯን አውጥቶ ከመሪው ፊት፣ ክሩስኮቱ ላይ አስቀመጣት። ሰዓዳ በሰፋችለት፣ አውራ ጣት በምታህል ከረጢት ሩዝ ሞልቶ፣ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ በስተግራ ጣሪያው ላይ ጫነ። ከዚያ መስኮቱን ሁሉ ዘግቶ ጥላ ሥር ቆመ። በየሁለት ደቂቃው ሄዶ በመስታወት ያያል። የግቢው ዘበኛ ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቀው።

«ጭነት እየጫንኩ ነው» አለው።

ማማ ኑራ ከተጠበቀው ቀድመው ወጡ። ጣሪያው ገና መጎንበስ መጀመሩ ነበር። አዳነ ደንግጦ መኪናዋን ሊያነሣ ሲል፣ ምን እንደሆነች ጠየቁት። በሚችለው ዐረብኛ ስለ ኡስማን፣ ስለ አባቱና ስለ ማሽላው ነገራቸው። አሮጊቷ ከኋላ ወንበር ጎንበስ ብለው አዩዋት።

«ምን ያህል ይቀረዋል?» አሉት።

«ትንሽ።»

«እንግዲያው ኤሲውን አትክፈተው።»

በነሐሴ ቀትር፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመት የሞላቸው ሴትዮ በሻሻቸው ጫፍ ፊታቸውን እያራገቡ፣ እሱም ላቡ በጀርባው እየወረደ፣ የዑለያን መንገድ እስኪያልፉ ድረስ በዝግታ ተጓዙ። ከዚህ ቤት ሃያ ዓመት ብዙ ነገር ተቀብያለሁ፣ አለኝ አዳነ በኋላ፤ እንደዚያች ሩብ ሰዓት ያለ ግን አልተቀበልኩም።

መስከረም ላይ ካርቶኑን እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በረረ።

ከአንድ ወር በኋላ በአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበልኩት እኔ ነበርኩ። ወደ መኪናው እየሄድን ነገረኝ። ኡስማንና እሱ ሦስት ቀን ደጃፍ ላይ ጋዜጣ ዘርግተው አብረው ሠሩ፤ ኡስማን አረንጓዴውን ቀባ፤ አዳነ «ወሎ» የሚለውን ታርጋ ጻፈ። መመሪያውን የሚያነብ አልነበረም፤ በዚህ ምክንያት ሁሉም በመጀመሪያው ገባ፣ አለኝ። ሲጨርሱ ወይዘሮ ዙቤዳ እጅ ላይ አስቀመጧት። ጎማዎቹን ነካኩ። ኮፈኑን ነካኩ። ከዚያ ጣታቸው ጣሪያው ላይ ወጣ፤ ወደ ኋላ በስተግራ ሄደ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ገባና እዚያ ቆመ።

«ኧረ ይሄስ በዛ» አሉ። «አባትህ ይህን ያህል አይጭንም ነበር።» ጣታቸውን ግን አላነሡም። ትንሽ ቆይተው «የበዓል ሰሞን ይሆናል» አሉ።

«እኔ አይደለሁም እማማ» አለ አዳነ። «የሪያድ ፀሐይ ናት ያበዛችው።»

«ስትመለስ አመስግንልኝ።»

ይህን እየነገረኝ መኪናዬ ጋ ደርሰን ነበር። መስከረም ቢያልቅም የማቆሚያው አስፋልት ጫማ ይጠብሳል። ያቺን ፀሐይ እሱም እኔም ሃያ ዓመት ስንረግማት ኖረናል። አዳነ ሻንጣውን ጭኖ ሲያበቃ መኪና ውስጥ አልገባም። ቆቡን አወለቀና ባዶ ራሱን ፀሐይ ላይ ቆመ።

«ምን ሆንክ? ግባ እንጂ» አልኩት። «ራስህን ትመታሃለች።»

«መልእክት አለብኝ» አለኝ።

ጥቂት ቆመ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ቃሉን አልሰማሁትም። ከዚያ ቆቡን አጥልቆ ገባና በሩን ዘጋ።

«ኸላስ» አለ። «አሁን ኤሲውን ክፈተው።»