ፊልም ላይ ስሞት ያየችኝ ልጅ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ አሶሳ ማንጎ በረከሰበት ሰሞን ነው። እስከ ዛሬ ስለ ትወና ሲነሳ ቀድማ የምትታወሰኝ ያቺ ልጅ ናት። እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን ቀይሬ ዘሃራ እላታለሁ።

እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ መጥቼ አሶሳን ለመድኳት። በትርፍ ጊዜያችን ከጓደኞቼ ጋር በተውሶ ካሜራ አጫጭር ፊልሞች እንሠራለን። ጽሑፉንም ዝግጅቱንም የሚይዘው ሳምሶን የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ነው።

የዚያን ጊዜው ፊልም ስለ አንዲት የተደፈረች ልጅ ነበር። ልጅቷን ሆኜ የተጫወትኩት እኔ ነኝ። ጫካ ዳር የማታውቀው ሰው ይይዛታል። ትጮሃለች፣ ትታገላለች፣ ማንም አይደርስላትም። ቤቷ ገብታ ለማንም ሳትናገር ታድራለች፤ ጠዋት ወንዝ ወርዳ በዚያው ትቀራለች። ፊልሙም እዚያ ላይ ያልቃል።

አዳራሽ ውስጥ ስናሳየው ብዙ ሰው አለቀሰ። እኛም ሰው ሲያለቅስ አይተን ተሳካልን ብለን ተደሰትን። ከዚያ በቴሌግራም ለቀቅነውና ከስልክ ስልክ ዞረ።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ቲማቲም ስመርጥ፣ ሃያ ዓመት የሚሆናት ሻርፕ የተከናነበች ልጅ አጠገቤ መጥታ ቆመች። ትኩር ብላ ታየኛለች። ሽንኩርት ወደምትሸጠው ሴትዮ ስሻገር ተከተለችኝ። ፈራሁና ቦርሳዬን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

"እህቴ፣ ፊልም ላይ ያለው አንተ ነህ?" አለችኝ።

ቤታቸው የሚነገረው የበርታ ቋንቋ ነው። አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ትላለች።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አልኳት። ፎቶ እንነሳ ልትለኝ መስሎኝ ፈገግ አልኩ።

"አንተ ሞተህ ነበር" አለች። "አሁን ሽንኩርት ትገዛለህ።"

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ፊቷን አየሁት። ዓይኗ እንባ ሞልቶታል።

"ፊልም እኮ ነው" አልኳት።

"ፊልም መሆኑን አውቃለሁ። ግን ልጅቷ ከሞተ በኋላ ሌላ ነገር የለም። ያልሞተ ሰው በኋላ ምን ያደርጋል? እሱን ልጠይቅህ ነው።"

ዘንቢሌን ሽንኩርት ሻጯ ጋ ትቼ ከሰው ገለል ወዳለ ቦታ ወሰድኳት።

ዘሃራ የኮሌጅ ተማሪ ናት። ቤተሰቦቿ የሚኖሩት ቶንጎ ከተማ ነው። ጥቃቱን ያደረሰባት ሰው እዚሁ አሶሳ እንደ ወንድም የምታየው ጎረቤት ነው፤ የሆነውም በጠራራ ፀሐይ፣ ከዚያ ቅዳሜ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነበር። በማግስቱ የክፍሏ ልጆች ፊልማችንን በስልክ ሲያዩ አብራ ተቀምጣ አየችው።

"አንተ ጮህክ" አለችኝ። "እኔ አልጮህኩም። ድምፅ እምቢ አለኝ። እጄም እምቢ አለ። ካልጮህኩ ማን ያምነኛል?"

ያንን ትዕይንት ስንቀርጽ ሳምሶን "ጩኺ! ካልጮህሽ ተመልካቹ አያምንሽም" እያለ ደጋግሞ ሲያስጮኸኝ ነበር የዋለው።

"እኔ አምንሻለሁ" አልኳት። ከዚያ "ሐኪም ቤት አብረን እንሂድ?" አልኳት።

ሻርፗን እያስተካከለች ጠየቀችኝ። "ከኔ ጋር ውስጥ ትገባለህ?"

"እገባለሁ።"

በባጃጅ ሄድን። የተቀበለችን ነርስ በሩን ዘጋችልን። ምንም ነገር ከማድረጓ በፊት ዘሃራን ታስፈቅዳት ነበር። ዘሃራ አለመጮኋን ስትነግራት ሥራዋን ትታ አጠገቧ ተቀመጠች።

"የኔ እህት፣ ሰው ሲደነግጥ ድምፁ ይታፈናል፣ ሰውነቱም አልታዘዝ ይለዋል። እዚህ እንዳንቺ የሚነግሩኝ ብዙ ናቸው። ስላልጮህሽ ፈቅደሻል ማለት አይደለም" አለቻት።

ዘሃራ ዞራ አየችኝ። በትክክል መስማቷን ከኔ ለማረጋገጥ የፈለገች መሰለኝ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩላት።

መድኃኒት ተሰጣት። በማግስቱ እናቷ ተደውሎላቸው ከቶንጎ መጡ። ይቆጧታል ብላ በጣም ፈርታ ነበር፣ እኔም ፈርቼ ነበር። እናትየው ግን ጉንጯን በሁለት እጃቸው ይዘው በቋንቋቸው አንድ ነገር አሏት። ምን እንዳሏት በኋላ ስጠይቃት "'ምግብ በልተሃል?' አለኝ" አለች። ፖሊስ ጣቢያ የሄድነው ሦስታችንም አብረን ነው።

ሰውየው ተይዟል። ጉዳዩ አሁን ፍርድ ቤት ነው፣ ቀጠሮው ያሰለቻል። ዘሃራ ግን ትምህርቷን አላቋረጠችም።

ያኔ ስለ ፊልሙ ያለችኝን ለጓደኞቼ ልንገራቸው ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። "ስሜን አትናገር። ጥያቄዬን ግን ንገራቸው" አለችኝ። ነገርኳቸው። ሳምሶን መጀመሪያ "ታዲያ ልጅቷ ካልሞተች ታሪኩ ምን ላይ ያልቃል?" ብሎ ተከራከረኝ። ማታውን ግን ፊልሙን ከቴሌግራም አነሳው። በሳምንቱም አዲስ ጽሑፍ ይዞ መጣ።

የጫካውን ትዕይንት አወጣነው። አሁን የሚታየው ልጅቷ የምታውቀው የአንድ ሰው በር ሲዘጋ ብቻ ነው። የፊልሙ አብዛኛው ክፍል ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ የምትናገርበት፣ የምትታከምበት፣ ተመልሳ ክፍል የምትገባበት። መጨረሻው ላይ ከጓደኞቿ ጋር ሽሮ ትበላለች፣ ሚጥሚጣው በዛ አልበዛም ብለው ይከራከራሉ።

ለዘሃራ ላኩላት። በማግስቱ ደወለች።

"መጨረሻው ትንሽ ያሰለቻል" አለችኝ። "ሰው ሽሮ ሲበላ ማን ያያል?" ብላ ሳቀች።

ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነበር። ብዙ ሰው ያስለቀሰ ፊልም ላይ ተጫውቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ሳቅ ግን ደስ ያለኝ ነገር የለም።

አዲሱን ፊልም በቅርቡ ባምባሲ ከተማ ወስደን እናሳየዋለን። ዘሃራም "ከፊት ወንበር ያዝልኝ" ብላኛለች።