የክሬግዶርን ጣሪያ

ዋቲ ፒትሪ የክሬግዶርን ትልቁ ቤት ጣሪያ ሠሪ ነበር፤ አባቱም ያው ነበር። ነፋስ ጣሪያው በቆርቆሮ ፈንታ ከለበሰው ስስ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንዱን ባንሸራተተ ቁጥር መሰላል ተሸክሞ ሲወጣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላው። በስኮትላንድ ደግሞ ነፋስ ሥራ ፈቶ አያውቅም።

የቤቱ መሐል አራት መቶ ዓመት የቆመ ግንብ ነው። ግድግዳው ከመወፈሩ የተነሣ በላዩ በሬ ማጋደም ይቻላል፣ መስኮቱ ጠባብ ነው፣ በየማዕዘኑ ትንንሽ ክብ ማማዎች ተንጠልጥለውበታል፤ ጌቶቹ ጎረቤቶቻቸውን በሚፈሩበት ዘመን የተሠራ ነው። ኋላ ከጌቶቹ ልጆች አንዱ በጃማይካ ስኳር፣ በእውነቱ በባሪያ ላብ፣ ከብሮ መጣና የምሥራቁን ክንፍ ከነአምዶቹ ለጠፈበት። የልጅ ልጁ እንግዳ በዛብኝ ብሎ የምዕራቡን ጨመረ። እያንዳንዱ ጌታ ግድግዳ ጨምሮ ይሞታል፤ ዝናቡን የሚከለክለው የፒትሪ ዘር ነው። ትልልቁ ድንጋይ ከታች ጠርዙ ላይ ይሰቀላል፣ ወደ ላይ እያነሰ ሄዶ ጫፉ ላይ መዳፍ ያክላል። ዋቲ ይህን አደራደር ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀው ነበር።

እሱና ሚስቱ ኤልስፔት ግቢው መግቢያ ላይ ባለችው ትንሽ ቤት ይኖራሉ። ቤቷ የጌታው ናት፤ ሥራው የቀረ ዕለት መኖሪያውም ይቀራል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤቱን የወረሱት ሰር ሩፐርት ለንደን ተቀማጭ ነበሩ። የጊዜው ሕግ ደግሞ ጣሪያ ያለው ቤት ግብር ይክፈል፣ ጣሪያ የሌለው ይቅርለት የሚል ነው። ጦርነቱ ባበቃ በሰባተኛው ዓመት፣ አንድ የጸደይ ቀን፣ ምስለኔው ሚስተር ገትሪ የእነዋቲን በር አንኳኳ።

«ዋቲ፣ ጌታው ጣሪያውን አንሣ ብለዋል።»

«በየት በኩል? የሚያፈሰው የምዕራቡ ነው።»

«ሁሉንም።»

ዋቲ ሳቀ። ምስለኔው አልሳቀም።

«እምቢ ብልስ?»

«ከከተማ ሰዎች ይመጡና በመጥረቢያ ይከሰክሱታል። አንተም ዕቃህን ትሸክፋለህ።»

በሳምንቱ ሰር ሩፐርት ራሳቸው መጡ። ዋቲ ቆቡን አውልቆ፣ «ጌታዬ፣ ይሄ ካለቀ በኋላ እኛስ የት እንወድቃለን?» አላቸው። እጁን ጨብጠው፣ «አይዞህ ፒትሪ! ያቺ ቤት እስክትሞቱ የእናንተ ናት» አሉት።

ይህን ሲሰማ ልቡ ረጋ። ኤልስፔት ግን የአጃ ገንፎዋን እያማሰለች ዞር አለችበት።

«ወረቀት አስፈርማቸው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።»

«አንቺ ሴትዮ፣ የጌታ ልጅ ፈርም ይባላል እንዴ? አባቴ ካባታቸው ጋር እጅ ነው የተጨባበጠው።»

«አባትህ ጣሪያ ሊሠራ ነዋ የተጨባበጠው፣ ሊያፈርስ መሰለህ?»

ወረቀት አልጠየቀም። መጠየቁ እሳቸውን ሌባ ማለት መሰለው። የዚያ አገር ድሃ፣ ጌታ የነፈገውን ሁሉ ይችላል፤ ጌታን መጠርጠር ግን ያሳፍረዋል።

ሥራው አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ሚስማሩን አንድ በአንድ እየነቀለ፣ ድንጋዩን እያወረደ፣ በየመጠኑ ግቢው ውስጥ ደረደረ። ግማሹን ሰቅሎት የነበረው በገዛ እጁ ነው። በአሥረኛው ቀን ዝናብ መጣ። የትልቁ አዳራሽ ኮርኒስ ከነወይን ዘለላ ቅርጹ ተንዶ ሲወድቅ ዋቲ መሰላሉ ላይ ሆኖ ሰማው። አለቀሰ። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ጌታው የተደረደረውን አይተው በጣም ተደሰቱ። «አንድም የባከነ የለም ማለት ይቻላል! እጅህ ይባረክ!» ብለው ድንጋዩን ለግንበኞች ሸጡት። በዓመቱ ርስቱንም ሸጡት። በዚያ ሁሉ ግብር ምክንያት ማንም ዞር ብሎ ያላየው መሬት፣ ጣሪያው ሲወርድለት ገዢ አገኘ። ገዢው እንጨት ነጋዴ ነበር፤ የመግቢያዋን ቤት ለደን ጠባቂው ፈለጋት። ሚስተር ገትሪ ደብዳቤውን ይዞ ሲመጣ ዋቲን ቀና ብሎ አላየውም። እስከ ኅዳር ልቀቁ ይላል።

ሰር ሩፐርት በነሐሴ ለአደን ወደ ጎረቤት ርስት መምጣታቸውን ዋቲ ሰማ። መንገድ ዳር ጠብቆ መኪናቸውን አስቆመ።

«ጌታዬ፣ ቃል ሰጥተውኝ ነበር።»

«ሰጥቻለሁ ፒትሪ፣ መች ካድሁ? መሬቱ የእኔ ቢሆን ኖሮ ቃሌን እጠብቅ ነበር።»

«የሸጡት እርስዎ ነዎት እኮ።»

«መንግሥት ነው ያሸጠኝ! ግብሩ ነው፣ ግብሩ!»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ግብሩማ ከጣሪያው ጋር አብሮ ወርዷል። ዋቲ ይህ መልስ የመጣለት መኪናው ከሄደ በኋላ ነበር።

ቤት ገብቶ ሲነግራት ኤልስፔት ብዬህ ነበር አላለችም። አልጋ ልብሱን ማጣጠፍ ጀመረች። እሱ ግን ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

በኅዳር መንደር ወረዱና በማዘጋጃ ቤት ኪራይ ቤት ውስጥ ሁለት ክፍል ተሰጣቸው። ኤልስፔት እዚያ ሦስት ክረምት ኖራ ሞተች። ዋቲ እሷ ከሞተች በኋላ ብዙ ዓመት ቆየ፤ በዚህ መሐል የትልቁን ቤት ፍርስራሽ ፎቶ የሚያነሡ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቶ ቁጭ ብሎ ሲያዩት ይጠይቁታል፤ «አባባ፣ ያን የመሰለ ቤት ምን አገኘው? እሳት ነው? ጀርመን ነው የደበደበው?»

«እሳትም ጀርመንም አይደለም» ይላቸዋል። «እኔ ነኝ ያፈረስኩት፤ ሚስቴ ቤት እንዳታጣ ብዬ።»