የአባቴ ኩታና የሚያበራው ወረቀት

ችኩል ነኝ፤ አልክድም። ላቦራቶሪ ውስጥ ሌላው ሦስቴ የሚለካውን እኔ አንዴ ለክቼ «በቃ» እላለሁ። እናቴ «አንቺ እኮ ሳይፈላ የምታወርጂ ነሽ» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ጎንደር በምሠራበት ላቦራቶሪ የፈንጂ ርዝራዥ የሚለይ ወረቀት እንሠራለን። በልዩ ቀለም የተነከረው ወረቀት፣ ነጋዴዎች ሐሰተኛ ብር በሚለዩበት ዓይነት መብራት ሥር ሰማያዊ ያበራል። የፈንጂ ቅመም፣ ዓይን የማያየው ቅንጣት እንኳ ቢሆን፣ ያረፈበት ቦታ ግን ይጨልማል።

እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ ዕረፍት ነሳችኝ። ከአዲ አርቃይ በላይ ደጋው ላይ የገብስ ማሳ አለን። ጦርነት አልፎበት፣ ያልፈነዳ ነገር ቀርቶበታል ተብሎ ጦም አዳሪ ሆኗል። አባቴ ከጦርነቱ ቀድሞ ሞቷል፤ እሷን ጎንደር አጠገብ ባለችው በፀዳ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይቼላት ትኖራለች። ትኖራለች ከተባለ! ልቧ እዚያው ማሳው ላይ ነው። ለዘር ያመጣችው ገብስ በስልቻ ከራስጌዋ ተቀምጧል፤ እያወጣች ታሰጣዋለች፣ ታበጥረዋለች፣ መልሳ ትቋጥረዋለች። እሷን ሳይ እኔም ያ ማሳ ይናፍቀኛል።

«አፈሩ ይምጣና በመብራትሽ እይልኝ» አለችኝ። አያ እያልሁ የምጠራቸው የድሮ ጎረቤታችን፣ ሰው ከሚሄድበት ከማሳው ዳር አንድ እፍኝ ዘግነው በአውቶቡስ ላኩ። ፌስታል አልወደዱም። «የሰውየው መሬት በፌስታል አይሄድም፤ በራሱ ኩታ ሸጋ አድርጌ ቋጥሬዋለሁ» አሉኝ በስልክ። እናቴ ስትሸሽ እሳቸው ዘንድ ትታው የመጣችው የአባቴ አሮጌ ኩታ ነበር።

ኩታውን ፈትቼ፣ አፈሩን በአልኮል በጥብጬ፣ ወረቀቱ ላይ አንጠባጠብሁ። ጨለመ። አንድ እፍኝ አፈር ስለ አንድ ማሳ መስክሮ እንደማይጨርስ ተማሪዎችን የማስተምረው እኔው ነኝ። ግን ያው ችኩሏ እኔ፣ ወዲያው ስልክ አነሣሁ።

«እማዬ፣ መሬቱን እርሺው።»

«ይሁን» አለች።

ከአንድ ወር በኋላ ጠረጴዛዬን ሳጸዳ፣ መብራቱ እንደበራ የኩታው ጫፍ ትርፍ ወረቀት ላይ ወደቀ። ሳነሣው ወረቀቱ ጨልሟል። ክው አልሁ። አባቴ ጠመንጃውን የሚጠቀልለው በዚያ ኩታ ነበር! በለቅሶውም ቀን ኩታውንና ጠመንጃውን ይዘው እየተኮሱ ነው ያለቀሱለት። ወረቀቱን ያጨለመው ከኩታው የተራገፈ የጠመንጃ ባሩድ ነው። ከቀረው አፈር ጓል ፈልፍዬ፣ ጨርቅ ያልነካውን ውስጡን ሞከርሁ፤ ሰማያዊው ንቅንቅ አላለም።

ባጃጅ ይዤ ፀዳ ገሠገሥሁ። እናቴ በሶ በጥብጣ ሰጠችኝ።

«ጠጪ፣ የገዛ ገብሳችን ነው።»

ወደ ራስጌዋ ዞር አልሁ። ስልቻው የለም።

«ምነው እማዬ? ዘሩን?»

«መሬት ከሌለ ዘር ምን ይሠራል? አስፈጨሁት።»

በሶውን መሬት አስቀመጥሁ። እየተንተባተብሁ ሁሉን ነገርኋት፤ ጥፋቱ የኔ መሆኑን፣ ማሳውንም ፈንጂ አምካኞች ሳያጸዱት ማንም መርገጥ እንደሌለበት። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ፣

«ኩታውን አጠብሽው?» አለች።

«አላጠብሁትም።»

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

«እኔን ምንም አይሸተኝም» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ያንቺ ወረቀት ግን አወቀው፣ አይደል?»

በማግሥቱ ላቦራቶሪ ወሰድኋት። መጋረጃውን ዘግቼ መብራቱን አበራሁላት። ኩታውን በገዛ እጇ ወረቀቱ ላይ ጫነችው። ስታነሣው በሰማያዊው መካከል የእጅ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ቀረ። ጎንበስ ብላ አየችው።

«እዚህ ኖረሃል ለካ» አለችው። «ዘሩን እኮ አስፈጨሁብህ።»