ከምንም ጋር ያልተገናኘው ማብሪያ

አባቴን የሚያውቁት ሁሉ «ፊውዝ» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው፤ ቶሎ ስለሚቃጠል። በመብራት መሥሪያ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ምሰሶ ላይ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ የመስመር ሠራተኛ ነው። ወገቡ ላይ ሰፊ የቆዳ ቀበቶ ይታጠቃል፤ ደረት ኪሱ ውስጥ ደግሞ ኤሌክትሪክ ስትነካ የምትበራ ትንሽ ካቻቢቴ አለች። ሰርግ ሲጠራ እንኳን ሙሉ ልብሱ ኪስ ውስጥ ይዟት ይሄዳል። እናቴ፣ «ለመሆኑ ማንኛችንን ነው ያገባኸው?» ትለው ነበር።

ቁጣው ቡፍ ብሎ ነው የሚነሳው። ጩኸቱ ሰፈሩን ያዳርሳል፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ምን እንዳናደደው ረስቶት «ምሳ አይቀርብም እንዴ?» ይላል። ቂም የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። አምርሮ የሚጠላው አንድ ነገር ቢኖር መብራት በጠፋ ቁጥር በራችን ላይ የሚሰበሰበውን ጎረቤት ነበር።

«ጋሼ፣ መብራት ሄደ እኮ!»

«ታዲያ እኔ ነኝ የሸኘሁት?»

«መቼ ይመጣል?»

«ሲሄድ ተሰናብቶኝ አልሄደም!»

እኛ እንግዲህ መብራትን ሄደ፣ መጣ ነው የምንለው፤ ልክ እንደ ዘመድ። አባቴ የዚያ አመለኛ ዘመድ ተጠሪ ሆኖ ቀረ። አንድ ቅዳሜ ገላውን እየታጠበ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ፎጣ አገልድሞ፣ አረፋው በጆሮው ላይ እየወረደ ወጣና፣ «መብራት የማይሄድበት ቤት እሠራለሁ! ታያላችሁ!» ብሎ ጮኸ። ጎረቤቶቹ ሳቁ። እኛም ሳቅን። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ ባሏን ታውቀዋለች።

እናቴ ከአጎቷ የወረሰቻት ቁራሽ መሬት ነበረቻት። ከከተማው በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ በእግር አርባ ደቂቃ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ናት። ከሽቦ፣ ከቆጣሪ፣ ከጎረቤት የራቀች ናት። አባቴ መሥሪያ ቤቱ አርጅተዋል ብሎ የጣላቸውን የእንጨት ምሰሶዎች ለምኖ ወሰደና በሁለት ዓመት የዕረፍት ቀኖቹ ቤት ሠራባቸው። ምሰሶዎቹ ላይ የተመታችው ቁጥር ያለባት ቆርቆሮ እንዳለች ነበረች። አልነቀላትም። ስለዚህ የእኛ ቤት ምሰሶ ሁሉ ቁጥር አለው። «ቢላው የት ነው?» ሲባል፣ «ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ» ይባላል። ወንድሜ ሲያጠፋ፣ «ሂድና አርባ ስድስት ጥግ ቁም!» ይባል ነበር። የሰው ልጅ በእንደዚህ ዓይነት ቤት አድጎ ደህና ሰው መሆኑ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ግድግዳውን ብርድ እንዳያስገባ እናቴ በአሮጌ ጋዜጣ ለጠፈችው። እኔ ንባብ የለመድኩት እዚያ ግድግዳ ላይ ነው። አልጋዬ አጠገብ ስለጠፋች መርከብ የሚያወራ ጽሑፍ ነበር፤ ልብ አንጠልጥሎ አንጠልጥሎ «ወደ ገጽ ሰባት ዞሯል» ይላል። ገጽ ሰባት ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው ተደፍቶ በሙጫ ተለጥፏል። ስንቴ በጥፍሬ ስፈለፍል እናቴ ተቆጥታኛለች! እነዚያ መርከበኞች ይትረፉ ይሙቱ እስካሁን አላውቅም።

ትምህርት ሲዘጋ እየሄድን እንከርምበታለን፤ ውሃ ከምንጭ በጄሪካን እንቀዳለን፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ከጣሪያው በበርሜል እናጠራቅማለን። ከቤት ስንነሳ የነበረን ኩርፊያ ሁሉ እዚያ ስንደርስ ይጠፋል። የእርጥብ እንጨት ሽታ፣ ፀሐይ ሲመታቸው ከምሰሶዎቹ የሚወጣው የሬንጅ ሽታ፣ ከምድጃው ጎን የሚደርቀው ካልሲያችን፤ አሁንም መንገድ ላይ ሬንጅ ሲፈላ ሲሸተኝ እግሬ ቀጥ ይላል። ያ ሽታ ልቤን ስፍስፍ ያደርገዋል።

አሁን ወደ ማብሪያው ልምጣ። መጀመሪያ የገባን ቀን ምሽቱ ሲይዝ ሁላችንም ተራ በተራ፣ ከበሩ በስተቀኝ ያለውን ግድግዳ በእጃችን ዳበስን። እኔ ዳበስኩ፣ ወንድሜ ዳበሰ። በመጨረሻ አባቴ ራሱ፣ «መብራት የማይሄድበት ቤት!» ብሎ ሲፎክር የኖረው ሰውዬ፣ ገባና ግድግዳውን ዳበሰ። እናቴ እስክትወድቅ ሳቀች። እሱ ኩም አለ። በሚቀጥለው ጊዜ ስንሄድ ከአንድ ፈራሽ ቤት የተነቀለ ማብሪያ ማጥፊያ ከኪሱ አወጣና እዚያው ቦታ ላይ በብሎን አሰረው። ሽቦ የለው፣ ምን የለው።

«ምን ሊሠራ ነው?» አለችው እናቴ።

«እጃችን እንዳያፍር» አላት።

ከዚያ ወዲያ ሥርዓት ሆነ። እናቴ ቀድማ ትገባና ፋኖሱ አጠገብ ክብሪቷን ይዛ ትቆማለች። እኛ እንከተላለን። አባቴ ዕቃውን ተሸክሞ መጨረሻ ይደርስና ማብሪያውን ቀጭ ያደርጋል። ልክ ቀጭ ሲል እናቴ፣ «መጣ!» ብላ ትጮህና ክብሪቱን ትጭራለች። አባቴ፣ «እንዳይሄድ ያዢው!» ይላል። እሷ ክብሪቱን በመዳፏ ከልላ፣ «ይዤዋለሁ፤ አንተ በሩን ዝጋ!» ትለዋለች፤ ነፋሱ እንዳያጠፋባት። በሩን ይዘጋል። አንድም ቀን ሳይባል ቀርቶ አያውቅም። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ አፈርኩባቸው። «አይሰለቻችሁም?» ስላቸው እናቴ፣ «አይ አንቺ! ምን የሚሰለች ነገር አለው?» አለችኝ፤ የምሯን ነበር።

እኛ አደግንና መሄዱን ተውነው። እኔ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ስልክ አነሳለሁ፤ ወንድሜ ሞባይል ይጠግናል። አባቴ «መሐንዲሱ» ይለዋል፤ ግማሹ ኩራት፣ ግማሹ ሽሙጥ ነው። አባቴ ጡረታ ሲወጣ ሁለቱ ብቻቸውን ጫካው ቤት ወር፣ ሁለት ወር ይቆዩ ጀመር። ኑ ይሉናል። እንመጣለን እንላለን። ያንን ሳስብ ራሴን መምታት ያምረኛል።

ከዚያ እናቴ ታመመች። ሆስፒታል አራት ቀን ብቻ ቆየች። አባቴ ነው ያስተኛት፣ አባቴ ነው ያስወጣት። ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት ጎረቤቶች አንዷ አሮጊት እጁን ይዛ፣ «ሄደች እኮ፣ ጋሼ» አለችው። ሁላችንም ዓመሉን ስለምናውቅ ቀና አልን። እሱ ግን ዝግ ባለ ድምፅ፣ «አዎ፤ እኔ ነኝ የሸኘኋት» አላት።

ከዚያ በኋላ ፊውዙ ተቃጠለ መሰለኝ፤ አባቴ መቆጣት ተወ። እኔ ቤት አመጣሁት። ወጥ ሲያርር ዝም። የላይኛው ፎቅ ልጆች ኳስ ሲያንጓጉ ዝም። አንድ ቀን እንዲጮህብኝ ብዬ ጫማውን ደበቅሁበት፤ ነጠላ ጫማ አድርጎ ወጣ። ሌላ ቀን ደግሞ መብራት ጠፋና ጎረቤቴ በሩን አንኳኩታ፣ ሳታስበው፣ «ጋሼ፣ መብራት ሄደ እኮ» አለችው። «ይመጣል» አላት፣ በለሆሳስ። ያኔ ነው የምር የፈራሁት። ሰውዬው በቁሙ እየሄደብኝ ነበር። ጫካው ቤት እንውሰድህ ስንለው፣ «ምን አለ እዚያ?» ይላል። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቴ አንዴ እንኳን እንዲጮህ።

በዚያው ሰሞን ክሊኒክ ውስጥ አንድ ሰው እየደወለ ያስቸግረኝ ጀመር። «አቤት፣ ማን ልበል?» ስል ትንሽ ይተነፍስና ይዘጋዋል። በቀን አንዴ፣ አንዳንዴ ሁለቴ። የሥራ ባልደረቦቼ፣ «አፍቃሪ አገኘሽ» ብለው አላገጡብኝ። በኋላ ወንድሜ የአባታችንን ስልክ ሲጠግን የተደወለባቸውን ቁጥሮች አየና አሳየኝ። የክሊኒኩ ቁጥር ብቻ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ። ስጠይቀው፣ «ቁጥር ተሳስቼ ነው» አለ። ዕድሜ ነው ብዬ ተውኩት።

መላውን ያመጣው መሐንዲሱ ነው። «አባዬ ጫካ የማይሄደው ጨለማውን ፈርቶ ነው» አለኝ። «ዓይኑ ደክሟል፤ በፋኖስ ማን ይቸገራል? ሶላር አስገባለሁ።» እኔም ጎሽ አልኩት፤ ስለዚህ ጥፋቱ የጋራ ነው። ሁለት እሑድ ብቻውን ተመላልሶ ጣሪያው ላይ ሶላሩን ሰቀለ፣ አልጋው ሥር ባትሪውን አስቀመጠ፣ መሀል ቤት አምፖል አንጠለጠለ። ማብሪያውን የት ያድርገው? በሩ አጠገብ ተሰክቶ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሽቦ ሲጠብቅ የኖረ አንድ ማብሪያ አለ። ደስ እያለው ከእሱ ጋር አገናኘው።

አባቴን ለምነን፣ ተቆጥተን፣ ጣሪያው ያፈሳል ብለን ዋሽተን ወሰድነው። ስንደርስ ፀሐይዋ ከዛፎቹ ጀርባ ወርዳ ነበር። ቤቱ ውስጥ ጨልሟል። እኔና ወንድሜ ቀድመን ገባንና ሳቃችንን አፍነን ጥግ ቆምን። አባቴ ደረጃዋን ቀስ ብሎ ወጣ። በሩ ላይ ቆመ። ዓይኑ ሳያይ እጁ ወደ ቀኝ ሄደ።

ቀጭ።

ቤቱ ቦግ አለ። ያ ነጭ ብርሃን ያልነካው ነገር አልነበረም። አቧራው፣ የሸረሪት ድሩ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ የተንጠለጠለው የእናቴ ሹራብ ታየ። ፋኖሱ ታየ፤ ከፋኖሱ አጠገብ፣ እሷ ክብሪት ይዛ የምትቆምበት ቦታ ደግሞ ባዶነቱ ቁልጭ ብሎ ታየ። ምን እንዳደረግን የገባኝ ያኔ ነው።

«እህስ፣ አባዬ?» አለ ወንድሜ፣ ፈገግ ብሎ። አልገባውም።

አባቴ ማብሪያውን አየ፣ አምፖሉን አየ። ከዚያ ቡፍ አለ።

«ማነው ይሄን የነካው?! ማነው ንካው ያለህ?!»

ጣሪያው ላይ የነበሩ ወፎች ተነስተው በረሩ። ወንድሜ ክው አለ። እኔ ግን፣ ለመናገር አፍራለሁ፣ ደስታ ወረረኝ። ለአሥራ አንድ ወር የናፈቀኝ ጩኸት ነበር።

«በጨለማ እንዳትቸገር ብዬ እኮ ነው...»

«ጨለማ መቼ ቸገረኝ! እንዲበራ መሰለህ የሰቀልኩት? እሷ የምትለው ነገር አለ! እሷ ሳትል መብራቱ ቀደማት!»

ካቻቢቴዋን ከደረት ኪሱ መዘዛት። ማብሪያውን ፈታ፤ ጫፏን ሽቦው ላይ አሳረፋት። የሶላር ጉልበት አይበቃትምና አልበራችም። «ይሄ ደግሞ ኤሌክትሪክ ነው ተብሎ!» አለና ሽቦውን ነቀለው። አምፖሉ ድርግም አለ።

«ሄደ» አለ ወንድሜ በጨለማው ውስጥ፣ ሳያስበው።

«ታዲያ እኔ ነኝ የሸኘሁት?»

«አዎ፣ አንተ ነህ እንጂ!»

አባቴ ሳቀ። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ቀጥሎ ትከሻው እስኪነቃነቅ። እኛም ሳቅን፤ እኔ ስስቅ እንባዬ ቀደመኝ። ሳቁ ሲያልቅ ማብሪያውን በዳበሳ መልሶ አሰረው፤ ሁለቱንም ብሎን። ከዚያ ምንም ሳይናገር ወደ ውጭ ወጣ። ደረጃዋን ሲወርድ ሰማሁት። ተመልሶ ሲወጣም ሰማሁት።

ቀጭ።

በሩ ላይ ቆመ። ትንፋሹ ይሰማኛል፤ ትንሽ ይተነፍስና ይቆያል። ያንን ትንፋሽ አውቀዋለሁ። በስልክ ሰምቼዋለሁ፣ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ሁሉ በስልክ ከእናቴ ጋር ያምታታኛል፤ ድምፃችን አንድ ነው። ቁጥር አልተሳሳተም ነበር።

ፋኖሱ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። ክብሪቱ በዱሮ ቦታው ነበር። አንድ እንጨት አወጣሁ።

«መጣ!» አልኩ።

የመጀመሪያው እንጨት ተሰበረ፤ ሁለተኛው ያዘ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ፣ ፊቱ ርሶ ያየኛል። ነበልባሉ ወደ ጣቴ እየቀረበ ነው።

«እንዳይሄድ ያዢው» አለ።

«ይዤዋለሁ፤ አንተ በሩን ዝጋ።»

ገባና በሩን ዘጋው።