ምሰሶዋ የተነቀለ መርከብ

በአሜሪካ፣ ዉድበሪ በተባለች ከተማ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ አንድ ሽማግሌ ከእንጨት የተሠራ ትንሽ የመርከብ አምሳያ በምራቁ እያረጠበ በፒጃማው እጅጌ ይወለውላል። ክንዱ ላይ የተነቀሰው መልሕቅ ከቆዳው ጋር ተጨማድዷል። አስታማሚዋ ሊዲያ ሾርባ ባመጣችለት ቁጥር የእውነተኛዋን መርከብ ታሪክ ይነግራታል። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ነበረች፤ የባሕር ወንበዴዎችን ወግታለች፣ ባሪያ ጫኞችን አሳድዳለች።

"ስታረጅ ምሰሶዋን ነቅለው፣ እንደ ጎተራ ጣሪያ ሠርተውባት ወደብ ላይ አሰሯት" አለና ደረቱ ላይ ልታስርለት የያዘችውን ጨርቅ ተጸይፎ አየው። "ያስጠላል። ይህን ካሰርሽብኝ አልበላም።"

ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ሊዲያ ጨርቁን አጥፋ አስቀመጠችና መዳፏን አገጩ ሥር ዘረጋች።

"ይብሉ እንግዲህ፣ ካፒቴን።"

"ካፒቴን አልነበርኩም። የመርከብ ወለል ነበር የምጠርገው።"

በማንኪያ ስታጎርሰው ከለሀጩ ጋር የተቀላቀለው ሾርባ በጣቶቿ መካከል ወረደ። እጇን ግን አላነሳችም።