ስክሪኗ የሞተው ካሜራ

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አጠገብ ጉርድ ፎቶ የተነሣ ሰው ሁሉ የንጋቷን ጣት ያውቃታል። አገጭ ቀና ታደርጋለች፣ ኮሌታ ታስተካክላለች፣ ከዚያ «አትተንፍስ» ትላለች። ሹም ሆነ ከጫጫ ለመንጃ ፈቃድ የመጣ ጎረምሳ ለእሷ ያው ነው። ሙያውን የተማረችው በፊልም ዘመን፣ አጎቷ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። አጎቷ ፊልም ሲባክን ሆዳቸውን የሚቆርጣቸው ሰው ነበሩ። ያነሣችውን የምታየው ታጥቦ ሲደርቅ ስለነበር፣ ጣቷን ከመጫኗ በፊት ሥዕሉን በዓይኗ መጨረስ ነበረባት። ዛሬ አርባ ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ ያ ልማድ ግን አልለቀቃትም።

ዘንድሮ ታዲያ ጉድ አገኛት። ጥር ላይ አንኮበር አንድ ተክሊል ልታነሣ ሄዳ፣ ልክ አክሊሉ በሙሽሮቹ ራስ ላይ ሲደፋ፣ ያ ያረጀ ካሜራዋ ፍላሹን በገዛ ፈቃዱ ብድግ አድርጎ ቤተ ክርስቲያኑን በብርሃን ሞላው። ድምፁም እንደ ቆርቆሮ በር ነው። የሚባርኩት ቄስ ገብረ ጻድቅ ድምፃቸው ለአፍታ ተቋረጠና ዞር ብለው አዩዋት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ሲወጡ ጠጋ ብለው፣ በዚህ ዕቃ ዳግመኛ ውስጥ እንዳትገቢ ሲሉ ቀስ ብለው ነገሯት። ንጋቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሀፍረቱ ብቻ ቢሆን ያልፋል። የአዳራሹን ጭፈራ አሁን ሁሉም በየስልኩ ያነሣዋል፤ እሷን የሚፈልጓት ጨለም ባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለሚፈጸመው ተክሊል ነው። እሱ ከቀረባት ጉርድ ፎቶ ብቻውን የስቱዲዮውን ኪራይ አይከፍልም። ካሜራውም ቢሆን ከዚያ ወዲህ ግማሹን ፎቶ ጥቁር እያደረገ አንዴ ይሠራል አንዴ ይተዋል።

ከፋሲካ በኋላ ወይዘሮ ወለተሐና የምትባል የአንኮበር ሴት፣ ልጇን ናዝራዊትን ልትድር ተነሣች። ናዝራዊትን በክርስትናዋ ቀን ያነሣቻት ንጋቷ ናትና፣ እናትየው ያለ እሷ አይሆንም ብላ ድርቅ አለች። የንስሐ አባቷ እኚያው ቄስ ገብረ ጻድቅ ስለሆኑ፣ ደጅ ጠንታ ለምና አንድ ዕድል አስፈቀደችላት። ብልጭታ ካየሁ ወይም ኳኳታ ከሰማሁ የመጨረሻዋ ነው አሉ። ሠርጉ እሑድ ነው። ንጋቷ ሐሙስ ጠዋት ሠላሳ አምስት ሺህ ብር ቋጥራ ዳግም የሚባል ልጅ ሱቅ ገባች።

ዳግም ስልክ የሚጠግን፣ ያገለገለ ካሜራም የሚሸጥ አፈ ቅቤ ወጣት ነው። መጀመሪያ ያወጣላት ከነካርቶኑ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ካሜራ ነበር። እሷ ካርቶኑን ወደ ጎን ገፋችና ካሜራውን ጆሮዋ ሥር አድርጋ አንዴ ቀጭ አደረገችው። ያው የቆርቆሮ በር። መለሰችለት። የሁለተኛውን ሌንስ ፈትታ የስልኳን መብራት ስታበራበት ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ቀጫጭን ሻጋታ ታያት። ዳግም ይሄማ በጨርቅ ይጠረጋል ቢላት፣ በል እስቲ ጥረገው ብላ ሰጠችው። ሻጋታው ከመስተዋቱ ጀርባ ነውና ዳግም አንገቱን አከከ።

ከቻርጀር ክምር ሥር አንዲት የተቧጨረች፣ ከባድ ካሜራ አየች። ዳግም ለመለዋወጫ ያስቀመጣት ናት።

«እትዬ ንጋቷ፣ እሷ እኮ ስክሪኗ ሞቷል። ያነሡትን አያዩበትም።»

«እኔ የማነሣውን ሳላነሣው ነው የማየው» አለች ንጋቷ።

አገላብጣ አየቻት። በገዛ ፈቃዱ ብድግ የሚል ፍላሽ ከናካቴው የላትም። የብርሃኑንና የፍጥነቱን ቁጥር የምታሳይ ትንሽ መስኮት አናቷ ላይ አለች፤ እሷ ደህና ናት። ከዚያ ከቦርሳዋ ነጭ ነጠላ አውጥታ ዳግምን አከናነበችውና ጓዳ ወስዳ ጨለማው ውስጥ ሳጥን ላይ አስቀመጠችው። ደንበኞች በር ላይ ሆነው ሳቁበት። በጨለማ ነጭ ልብስና የጠይም ሰው ፊት አንድ ላይ ማውጣት ያቃተው ካሜራ ለተክሊል አይረባም፤ ይህን ዳግም አያውቅም፣ እሷ ግን ሃያ ዓመት ኖራበታለች። የካሜራዋን ድምፅ መቀነሻ አዙራ ዓይኗን ጨፈነችና አነሣችው። መጽሐፍ ሲከደን ያህል ብቻ ተሰማት።

ሚሞሪውን ኮምፒዩተሩ ላይ ከፈቱት። የነጠላው ጥለት ክሩ ይቆጠራል፤ የዳግምም ፊት ከነኩርፊያው ጥርት ብሎ ወጥቷል። ዳግም አሁን ነገሩ ገብቶት ዋጋ ሊቆልል ቃጣው። ለመለዋወጫ ያልከው አንተ ነህ አለችውና ካሜራዋን ገዝታ፣ ከቋጠረችው ላይ ለታክሲ ተርፏት ወጣች።

ዓርብና ቅዳሜ የመጣውን ጉርድ ፎቶ ሁሉ በዚህችው ካሜራ አነሣች፤ አንድም አልተበላሸባት። ቢሆንም እሑድ ማለዳ አንኮበር በጉም ተሸፍና ስትጠብቃት የመጨረሻዋ ነው ያሉት የቄሱ ቃል ትዝ አላት። እዚያ ብርድ ባትሪ ይገድላል፤ ስለዚህ ባትሪዎቹን ብብቷ ሥር ይዛ ነበር የተጓዘችው። ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በሴቶች በኩል ገብታ ቆመች። ሲጀመር ፍርሃቱ ጠፋ። ሚዜዎቹ እንደ ወትሮው እስቲ አሳዪን ብለው ከጀርባዋ አልተደረደሩም፤ ምኑን ያያሉ? ንጋቷ ብዙ አላነሣችም። የቄሱ እጆች ሲነሡ እየጠበቀች፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ቀጭ።

ሲያልቅ ቄስ ገብረ ጻድቅ ደጀ ሰላሙ ላይ አገኟት።

«ልጄ፣ ምነው ሳትገቢ ቀረሽ? ፈቅጄ አልነበረም እንዴ?» አሏት፤ ከልባቸው ቅር ብሏቸዋል።

«ውስጥ ነበርኩ፣ አባቴ።»

ቄሱ አላመኑም። እስቲ አሳዪኝ ሲሉ ጥቁሩን ስክሪን አዙራ አሳየቻቸውና ፎቶውን ማክሰኞ አመጣለሁ አለች። ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበችው።

ማክሰኞ ወለተሐና ቤት ፎቶው ታጥቦ ደረሰ። አክሊሉ በቄሱ እጆች መሀል፣ ከናዝራዊት ፀጉር አንድ ጣት ከፍ ብሎ፣ ቄሱም ዓይናቸውን ጨፍነው። እዚያው የተገኙት ቄስ ገብረ ጻድቅ ፎቶውን ራቅ አድርገው፣ ቀረብ አድርገው አዩት። ራሳቸውን ሲጸልዩ አይተው አያውቁም ነበር።

«በሚመጣው እሑድ ሌላ ተክሊል አለ» አሉ በመጨረሻ፣ ፎቶውን ሳይመልሱላት። «ቤተሰቦቹን ወደ አንቺ እልካቸዋለሁ።»